ነውር ፍለጋ በሆላንዱ ምግብ ቤት

በ1957 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ድንችን ከጎመን ጋር ቀቅሎ፣ አድቅቆ፣ ለሰው የሚሸጥ አንድ ፈረንጅ ነበረ። ሙሴ ሄንድሪክ ይባላል። አገሩ ሆላንድ ነው፤ ያደገው ግን በሩቅ ምሥራቋ ደሴት በጃቫ ነው። ወደ ጎጃም ያመጣው የድልድይ ሥራ ነበር። ድልድዩ አለቀ፤ እሱ ቀረ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ጸጉሩም ሸብቷል። እንዲህ ያለ ሰው «ወዴት ልሂድ?» ቢል አይፈረድበትም።

ምግብ ቤቱ የሁለት አገር ምግብ ያቀርባል። የሆላንዱ ያ ድንችና የአተር ሾርባ ነው፤ እሱን ደፍሮ የሚያዝ ሆዱን ያመመው ብቻ ነው። የጃቫው ግን ሌላ ነው። በቀጭን እንጨት የተሰካ ጥብስ አለ፤ በለውዝ የተሠራ ወጥ አለ፤ ሩዝ አለ፤ እንባ የሚያስፈስስ ቃሪያና በርበሬ አለ። የጭነት መኪና ነጂዎች ከደብረ ማርቆስ ሆዳቸውን ባዶ አድርገው የሚመጡት ለዚህ ነው።

በርበሬውን የሚገዛው ቡሬ ድረስ ሄዶ ከወይዘሮ ደስታነሽ ነው። የፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬ ሞልቶት ሳለ፣ በየሳምንቱ ራሱ ይሄዳል። በርበሬውን እያሸተተ፣ ስለ ዝናቡ እያነሣ፣ ጤናዋን እየጠየቀ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ወይዘሮ ደስታነሽ በልጅነቷ ተድራ በልጅነቷ የወለደች፣ ባሏ የሞተባት፣ አፏ እንደምትሸጠው ዕቃ የሚፋጅ ሴት ናት። ያለቻት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እህተ ማርያም። ልጅቱ ፍኖተ ሰላም ታስተምራለች፤ ከትምህርት መልስ ደግሞ ለፈረንጁ አማርኛ ታስጠናለች።

እናትየው ይህን ከዚያ ጋር አገናኘችና እንቅልፍ አጣች።

ልጅቱ ሰውየውን ባነሣች ቁጥር «ጋሼ ሄንድሪክ» ትላለች። እናትየው «ጋሼ»ዋን አላመነቻትም፤ ለሽፋን ነው አለች በልቧ። ባለፈው ጥር ደግሞ ሰውየው ክርስትና ተነሣ። ያለ ምክንያት ማን በብርድ ቀዝቃዛ ውሃ በራሱ ላይ ያስደፋል? ይባስ ብላ እህተ ማርያም ለትምህርት አዲስ አበባ ልትሄድ ነው፤ ቡሬ በመጣች ቁጥር «እማዬ፣ እኔ ስሄድ ብቻሽን እንዴት ትሆኛለሽ?» ትላለች። እናትየው ይህንንም ከመለማመጥ ቆጠረችው።

የጠረጠረችው አልቀረም፣ ሽማግሎች መጡ። አለቃ ክንፈሚካኤልና አቶ አድማሴ ጋቢያቸውን አደግድገው ደጇ ላይ ቆሙ። ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ቁራሽም አይቀምስም።

«በሙሴ ሄንድሪክ ጉዳይ ነበር የመጣነው» አሉ አለቃ።

«ልጄን አልሰጥም» አለችና በሩን ዘጋች።

በሌላ ሳምንት ተመለሱ። «እመት፣ ነገራችንን እኮ አልሰሙንም» አሉ አቶ አድማሴ።

«የሰማሁት ይበቃኛል።» በሩ ተዘጋ።

በሦስተኛው ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ ዘጋችባቸው። አለቃ የቅኔ ሰው ናቸው፤ አይቸኩሉም። በበሩ ስንጥቅ እንዲህ አሏት፦ «እንግዲያው እሑድ ከቤቱ ምሳ ይብሉና ነውሩን ራስዎ ያውጡት። ነውር ካገኙበት ዳግመኛ ደጅዎን አንረግጥም።»

ይህን ወደደችው። ነውር ማውጣት ከበርበሬ ንግድ ይልቅ የሚቀላት ነገር ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጣች። ሙሴ ሄንድሪክ ጎንበስ ብሎ እጇን አስታጠባት። ሁለቱ ሽማግሎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። መጀመሪያ ድንቹ ቀረበ።

«ይህን ድንች ማን ገደለው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ሙሴ ሄንድሪክ።

«ወጡንስ?»

«እሱንም እኔው ነኝ።»

ወይዘሮ ደስታነሽ ወደ ሽማግሎቹ ዞረች። «ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ወጥ ይሠራል። ይኸው ነውር።»

«ሚስት የሌለው ምን ያድርግ?» አሉ አቶ አድማሴ፣ ዓይናቸውን ከጥብሱ ሳይነቅሉ።

የለውዙን ወጥ ቀመሰች። በርበሬው የራሷ ነው፤ ግን እንዲህ ሆኖ አታውቀውም። ደገመች። ጥብሱን፣ ሩዙን፣ ቃሪያውን፣ አንድ ባንድ አዳረሰች። አቶ አድማሴ ምራቃቸውን ዋጡ።

«ቀስ ይበሉ፣ ያቃጥልዎታል» አለ ፈረንጁ።

«በርበሬ? እኔን?»

ሳቀ። እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ የመጣችበትን አስታውሳ ከንፈሯን ነከሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ሠርቶ አቅርቦላት በልታ አታውቅም። እውነቱ ከተነገረ ከዚያ በፊትም አታውቅም።

በዚህ መሐል እህተ ማርያም ከጓዳው በር ብቅ አለችና ለሙሴ ሄንድሪክ አንድ ነገር ሹክ አለችው። ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። እናትየው ሁለቱንም አየች። ልጄ አመለጠችኝ አለች በልቧ፤ እጇን ታጥባ ተነሣች።

«እህሳ እመት፣ ነውሩን አገኙት?» አሉ አለቃ።

ወይዘሮ ደስታነሽ ብትዋሽ በወደደች። ግን የሰው እህል በልቶ መዋሸት አይሆንላትም።

«አላገኘሁም። ሰውየው ጨዋ ነው፤ እጁም ይጣፍጣል። ዕድሜው ግን ከልጄ ጋር የሚሄድ አይዶለም። እኩያውን ቢፈልግ ኖሮ፣ በማርያም፣ እኔው ራሴ ሄጄ ሴትዮዋን እሺ በይ ብዬ እለምንለት ነበር።»

«እንግዲያው ይለምኑልን» አሉ አለቃ። «የላከችን ልጅዎ ናት፤ ሴትዮዋም እርስዎ ነዎት።»