ማንም ያላየው የመጀመሪያ ክፍል

ጣሊያን ሶዶ በገባ በሁለተኛው ዓመት የከተማው ሰው ሁሉ አንድን ሲኒማ አለማየቱን እየማለ መሰከረ።

ሲኒማው የታየው በገበያው ሜዳ፣ በተወጠረ አቡጀዲ ላይ ነው። የዚያን ቀን ሜዳው ላይ እግር መትከያ አልነበረም። በሲኒማው የአንድ አናጢ ልጅ፣ ከእንጨት በሠራው ንስር እየበረረ የመንደሩን ምንጭ ከዘጋ ጭራቅ ጋር ይዋጋል። ንስሩ ይሰበርና ልጁ ገደል ላይ እንደተንጠለጠለ ያልቃል። ምስሉ ድምፅ ስለሌለው አድነው የሚባል ሰው በአማርኛ አስረዳ።

በማግስቱ አድነው ታሰረ። «በጭራቁ አሳብቦ መንግሥት ሰድቧል» ተባለ። ምን ብሎ እንደ ሰደበ የሚመሰክር ግን ጠፋ። ምንጣፍ ነጋዴው ጩማ፣ «ያን ቀን ቦዲቲ ለቅሶ ላይ ነበርኩ» አለ። ቦዬ የሚባለውን የሥር ተክል የምትሸጠው ሽታዬ፣ «ዓይኔ ደካማ ነው፤ ሲኒማ ምን ያደርግልኛል?» አለች። በዚያ ሳምንት ጎረቤት ከተማ ቦዲቲ ለቅሶ ሄድኩ ያለው የሶዶ ሰው ብዛት ለአንድ ወረርሽኝ ይበቃ ነበር።

ከአርባ ቀን በኋላ አዲስ ካፒታኖ፣ የጣሊያን ሻምበል፣ መጣ። ሐብተማርያምን አስጠራው። ሐብተማርያም የአድነው ሚስት የወይዘሮ ፈጠነች ታላቅ ወንድም ነው፤ አስመራ ነጋዴ ቤት ሲሠራ ጣሊያንኛ ተምሯል።

«የሲኒማው ሁለተኛ ክፍል መጥቷል» አለው ካፒታኖው በጣሊያንኛ። «የምታስረዳው አንተ ነህ። ነገሩ ተረት ብቻ መሆኑን ካየሁ የእህትህን ባል የማስርበት ምክንያት የለኝም።»

«እንግዲያው ሁለተኛውን ብቻ እናሳይ» አለ ሐብተማርያም። የመጀመሪያው ክፍል ባይነሳ ይመርጣል። «ጥሩ ተረት ራሱን የቻለ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰውም ይከተለዋል።»

ካፒታኖው ራሱን ነቀነቀ። «ከተማው በሙሉ አላየሁም ብሎ ምሏል። ስለዚህ ሁሉም አዲስ ነው። ልጁ ገደል ላይ ምን እንዳንጠለጠለው ካላወቁ ይደናገራሉ። መጀመሪያውን በደንብ ንገራቸው። አትቸኩል።»

ፈጠነች በር ላይ ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ ምን አለ ይሄ የተላጠ ድንች?»

ካፒታኖው ፈገግ አለ።

«ሰላም ብላዎታለች» ብሎ ተረጎመለት ሐብተማርያም። ሳይገባው ፈገግ ማለቱን ከጨዋነት ቆጠረለት።

መንገድ ላይ ፈጠነች እጁን ያዘችው። «ጋሼ፣ ካፍህ አንዲት ቃል ብታመልጥ ባሌን ቀበርኩት።»

«አታመልጥም። ጭራቁን እዚያው መንደሩ ተራራ ላይ ተወልዶ እንዲያድግ አደርገዋለሁ።»

«ቶማንስ ምን ታደርገዋለህ? እሱ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ?»

ቶማ የካፒታኖው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው። አማርኛውንም ወላይትኛውንም ያውቃል፤ ጆሮ ጠቢ መሆኑን ደግሞ ከተማው ያውቃል። ሐብተማርያም በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ያጣው በቶማ ነው።

ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ሕዝቡ ተሰበሰበ። አንድ ወታደር ሁለት የፊልም ሣጥኖች በአንድ እጁ አንጠልጥሎ መጣ።

«ይሄ ነው ጉልበት!» አለ ጩማ።

«ሲኒማ በፀሐይ ይታያል እንዴ?» አለች ሽታዬ።

«እንደማይታይ በምን አወቅሽ? አላየሁም ብለሽ ምለሽ የለ?» አላት ጩማ።

ሽታዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ተረቱ እስኪያልቅ ይጨልማል፣ እናቴ» አላት ሐብተማርያም።

ቶማ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ግራር ሥር ተቀምጧል። ካፒታኖው ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሐብተማርያም ዓይኑን ከቶማ እርሳስ ሳይነቅል ጀመረ። ጭራቁ እዚያው ተራራ ላይ ተወለደ። ጎረምሳ ሳለ አንዲት ልጅ ወደደ። ልጅቱ ለሌላ ተዳረች። ቢከፋው ምንጩን ዘጋው።

ሕዝቡ ተቁነጠነጠ። በሶዶ ገበያ የገማ ቅቤ የሸጠ ይቅርታ ያገኛል። ተረት ያበላሸ ግን አያገኝም፤ ሰሚው ያርመዋል፤ ካላረመው ራሱ የዋሸ ይመስለዋል። ሐብተማርያም ይህን ያውቅ ነበር። ግን የፈራው አንድ ጆሮ ነው።

«የአናጢው ልጅም ጭራቁን ለማስታረቅ ወጣ…» ሲል ሽታዬ አልቻለችም።

«ኧረ የጌታ ያለህ! የምን ፍቅር ነው? ጭራቁ ባሕር ተሻግሮ አይደለም የመጣው?»

«የብረት ጥርሱን ይዞ!» አለ ጩማ ብድግ ብሎ። «‹ምንጩ የኔ ነው› ሲል፣ ልጁ ‹ስትመጣ በእንስራ ተሸክመኸው መጣህ ወይ?› አለው እንጂ!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ «‹እንደ አመጣጥህ ትሄዳታለህ!› እሱን ረሳኸው! አድነውማ ሁለት ጊዜ ነው ያላት!»

ፈጠነች ዓይኗን ጨፍናለች። ሐብተማርያም ወደ ግራሩ ዞሮ አየ።

የቶማ እርሳስ ጆሮው ላይ ተሰክቷል። ደብተሩ ሣር ላይ ወድቋል። ቶማ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እንባውን ጠርጎም፣ «ጭራቁ የተንቀጠቀጠውንስ? እሱንም ንገረና!» አለ።

ሐብተማርያም በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተንፍሶ አያውቅም። ጆሮ ጠቢው ራሱም እንደ ከተማው ሰው «ቦዲቲ ለቅሶ ላይ» ነበር። የቀረውን በሁለት ዓረፍተ ነገር አሳጥሮ ልጁን ገደሉ ላይ አንጠለጠለውና ወደ ካፒታኖው ዞረ።

«ተረቱን ወደውታል፣ ጌታዬ» አለ በጣሊያንኛ። «የሳቁት በንስሩ ነው። አሁን ሁለተኛው ክፍል ይጀመርላቸው።»

«ሁለተኛ ክፍል የለም» አለ ካፒታኖው፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «የጠፋኝ ምስክር ነበር።»