ከምሳ በኋላ የሚሞተው ሰርቨር

ጅቡቲ፣ ሄሮን ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ያለው የትራንዚት ቢሮ ሰርቨር ሐምሌ ላይ መሞት ጀመረ። ጠዋት ደህና ይሠራል። ሠራተኛው ከምሳ ተመልሶ ሲቀመጥ ግን የሁሉም ስክሪን ጥቁር ነው። የስንቱን ኮንቴይነር ወረቀት ሆዱ ውስጥ ይዞ ጭጭ ይላል።

ባለቤቱ ሙሴ ከማሉዲን (እዚያ አገር «ሙሴ» ማለት «አቶ» ነው) ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው። ሲናደድ አማርኛው ይጠራል።

«ይርዳው፣ ይኼ ሳጥን ከምሳ በኋላ መተኛት ከማን ተማረ?»

«ከእርስዎ ይሆናላ፣ ሙሴ» አለ ይርዳው።

ይርዳው የቢሮው የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ጉንዳን ረግጦ ይቅርታ የሚል ዓይነት። እንደ ከተማው ሁሉ ጫት ሲገባ ሥራ ያቆማል። ድርሻውን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ብብቱ ስር ይዞ ይመለስና፣ ጓዙን አስቀምጦ ምሳውን ይበላል። ከዚያ እስኪመሽ ከሰርቨሩ ክፍል አይወጣም። በዚያ ሙቀት ኤሲ የማይጠፋበት ክፍል እሱ ብቻ ነዋ። የማዕድ ቤቱ ፍሪጅ ሰኔ ላይ ተቃጥሎ ሙሴ ከማሉዲን ራሱ ለብ ያለ ውሃ ነው የሚጠጣው።

«እኔ እየተቀቀልኩ ሳጥኑ ይቀዘቅዛል» ይላል።

ክፍሉን የምታጸዳው አበዛሽ ናት። ሰው ለምሳ ሲወጣ ባልዲዋን ይዛ ትገባለች። የምታድረው ሙሴ ከማሉዲን ቤት ነው፤ ማታ የእሱን ልጆች የምታበላውም እሷ ናት። የመኖሪያ ወረቀቷ የወጣው በእሱ ስም ነው። ሥራዋን ካጣች አልጋዋም ወረቀቷም አብሮ ይሄዳል። ይህን ቢሮው ሁሉ ያውቃል።

ይርዳው ሰርቨሩን ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ፈታው። መጀመሪያ መብራት የሚያቀብለውን ፓወር ሳፕላይ ቀየረ። ምንም ለውጥ የለም። መልሶ ሲያስነሳው ማሽኑ ሦስቴ ጢጥ አለና ዝም።

«ሳል ነው» አለ፣ ከበሩ ላይ ለምታየው ለሒሳብ ሠራተኛዋ ለራህመት። «ይኼኛው ሦስቴ ከሳለ ሜሞሪውን አሞታል ማለት ነው።»

«ሽሮፕ ስጠው እንግዲህ።»

ሜሞሪዎቹን ነቅሎ አንድ በአንድ እየሰካ ሞከረ። አንደኛው መሰኪያ ላይ የትኛውም ሜሞሪ ቢገባ ይሠራል። ከሱ ጎን ያለው ላይ ሲሰካ ግን ማሽኑ ይስላል።

«ተከራዮቹ ደህና ናቸው» አለ። «የታመመው ቤቱ ነው።»

ቤቱ ማዘርቦርዱ ነው፤ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ። ይርዳው ብሎኑን ፈቶ አወጣውና ባትሪ አበራበት። የታመመው መሰኪያ ሥር አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፤ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል። ክዳኑንም አየው። በአየር ቀዳዳዎቹ ዙሪያ እርጥብ ጨርቅ ደርቆ የተወው ምልክት አለ።

«ውሃ ነው» አለ።

ሙሴ ከማሉዲን ወደ ኤሲው ቀና አለ። ይርዳው ወንበር ላይ ወጥቶ ቱቦውን ዳሰሰ። ደረቅ ነው።

«አርብ አርብ፣ ቢሮው ሲዘጋ፣ ጠፍቶ ያውቃል?» አለ ሙሴ ከማሉዲን።

«ኧረ አያውቅም። ቅዳሜ ስገባ እንደበራ ነው የማገኘው።»

«አርብ አርብ ውሃ ይዞ እዚህ የማይገባው ማን ነው?»

ሁሉም ጥግ ላይ ያለውን ባልዲ አየ።

አበዛሽ ተጠራች። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«ማሽኑን በጨርቅ ትወለውያለሽ?»

«ኧረ ሙሴ፣ ነክቼው አላውቅም። ጠረጴዛው ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ አገኛለሁ። እሱን ነው የማደርቀው።»

«ከየት የመጣ ውሃ?»

«እኔ ምን አውቄ። ከላይ ይሆናል።»

«ከላይ? ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ዘነበ ነው የምትዪኝ?»

ራህመት ሳቀች። ይርዳውም ሳያስበው ፈገግ አለ።

አበዛሽ ወደ እሱ ዞረች። «ይርዳው ወንድሜ፣ አንተ እንኳ ታውቀኛለህ። አንድ ነገር በል እንጂ።»

ይርዳው ማታውኑ ለሙሴ ሊለምንላት አሰበ። ግን ሰሌዳው እጁ ላይ ነው፣ የጨርቁ ምልክት ፊቱ ላይ።

«አበዛሽዬ፣ እኔ ዝም ብል ሰሌዳው ተናግሯል» አለ።

አበዛሽ ከሥራም ከቤትም ተባረረች። የሙሴ ልጆች እያለቀሱ ሻንጣዋን በሩ ድረስ ጎተቱላት ተባለ። ወደ አገሯ ባዶ እጇን መግባት አልፈለገችም። ወደ የመን ከሚሻገሩት ወጣቶች ጋር ተደባልቃ ጀልባ የሚነሳበትን የኦቦክን መንገድ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የሰማ የለም። ከቢሮው ስትወጣ ባልዲዋን ደፍታ፣ ጨርቋን ጨምቃ አስጥታ ነበር።

አዲሱ ማዘርቦርድ ከዱባይ እስኪመጣ ሰርቨሩ ተከፍቶ ከረመ። ሥራው በእስክሪብቶ ሆነ፤ ሁሉም እሷን አማ። ዕቃው የደረሰ ቀን ይርዳው ጫቱን ይዞ፣ ምሳውን ትቶ ገባ። ሰሌዳውን አሠረ፣ ሜሞሪዎቹን መለሰ፣ አስነሳው። ሳል የለም።

ሙሴ ከማሉዲን በሩ ላይ ቆሞ ሰማ።

«አየህ? እሷም የለች፣ ሳሉም የለ። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉ አንተ ጋ ብቻ ይሁን።»

«እሺ ሙሴ።»

ይርዳው ብቻውን ቀረ። ክፍሉ ቀዝቅዟል፣ ማሽኑ ደስ በሚል ድምፅ ያንጎራጉራል። ክዳኑን ገጥሞ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠረገ።

«ምን ነበር ብትጠነቀቅ» አለ፣ ስለ አበዛሽ። «እግዜር ይሁናት።»

ከዚያ ወለሉ ላይ ያሳረፈውን ጥቅል አነሳ፤ ጫቱ እንዳይጠወልግ ፎጣውን ደህና አድርጎ በውሃ አራሰና፣ እንደ ልማዱ፣ ኤሲው በቀጥታ በሚነፋበት በሰርቨሩ ክዳን ላይ አጋደመው።