የኋላ ክብደት

የኮልፌው የጨው ነጋዴ ፈቀደ በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የጃንሆይ ልደት ሰሞን፣ ፒክአፕ መኪና ገዛ። ሰፈሩ ጨው ሊያመላልስበት ነው ብሎ ነበር። እሱ ግን የገዛው ሰብሌን ሊያገባበት ነው።

ሰብሌ ቀራኒዮ ማዶ ወፍጮ ቤት ያላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ፈቀደ እሑድ እሑድ ደጇ ብቅ ይላል። መንገዱ ግን የክረምት ጭቃ ነው። ባዶው ፒክአፕ ዳገቱ ላይ ሲደርስ የኋላ ጎማው እዚያው ይሽከረከራል፤ ቂጡን እየወዘወዘ ቦይ ይገባል። አንድ እሑድ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በጎኑ ተንሸራቶ ደረሰና ሰው ሁሉ ሳቀ። የሰፈሩ መምህር ዳኛቸውም ብስክሌቱን ተደግፎ ሳቀ። ፈቀደ የእሱን ሳቅ አልረሳም።

በማግሥቱ መካኒኩ ፀሐዬ ዘንድ ሄደ።

«ኋላው ባዶ ስለሆነ ነው» አለው ፀሐዬ። «ከጎማው በላይ አሸዋ በጆንያ ይጫኑ። የኋላ ጎማዎቹን ንፋስም ትንሽ ቀነስ ያድርጉ፤ መሬት ይቆነጥጣሉ።»

«ጎማዬ ጠውልጎ ሴት ደጅ ልሂድ? አሸዋውን ግን እሞክራለሁ።»

አሸዋው ደህና ነበር። ችግሩ፣ መኪናው ሲቀረቀር አሸዋ ወርዶ አይገፋም። «ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» አለ ፈቀደና ጎረቤቱን አቶ ገረሱን አሰበ። አቶ ገረሱ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሁለት ሰው የሚያህሉ፣ ዝምተኛ የመጋዘን ዘበኛ ናቸው።

«ጋሼ ገረሱ፣ ለክብሬ አብረውኝ ይሂዱ» አላቸው። «ትልቅ ሰው ይዞ የሄደ ይከበራል።»

«እሺ» አሉ።

የፊቱን ወንበር ግን አልሰጣቸውም። ወንበሩ ነጭ አቡጀዲ ለብሶ ሰብሌን ይጠብቃል። አቶ ገረሱ ኋላ፣ ከጎማው በላይ፣ የእንጨት ዱካ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ። መኪናው ጭቃውን ነክሶ ዳገቱን ወጣ።

«ጭነቴ ራሱ ይሳፈራል፣ ራሱ ይገፋል» እያለ ፈቀደ ለጓደኞቹ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሑድ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። ፈቀደ በቆሸሸ መኪና መታየት ስለማይወድ ደጇ ሲደርስ ውሃ አስቀድቶ መኪናውን ያጥባል። አቶ ገረሱ ሲገፉ የራሰ ልብሳቸውን እሳት ዳር ሊያደርቁ ወደ ቤት ይገባሉ። ሰብሌ ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው የመኪናውን ኋላ ነው።

«ኋላው ዛሬስ አላስቸገረም?» ትላለች።

«ለመኪናዬ እንዲህ ያሰበች፣ ለእኔማ!» ይላል ፈቀደ ለራሱ። ከዚያ ገብቶ ስለ ሞተሩ ያወራል። እሱ ሲያወራ አቶ ገረሱ ይበላሉ።

መኪናው ከሳምንት ሳምንት መንገዱን ይበልጥ እየቆነጠጠ ሄደ። ፈቀደ አነዳዴ ነው አለ። ነሐሴ ሲያልቅ የአቶ ገረሱ ኮት ጠቧቸው ጎንና ጎኑ ላይ ጨርቅ ተቀጥሎበት ነበር፤ ስፌቱም ያምራል።

የፈቀደ ጭንቀት መምህሩ ነው። ዳኛቸው የሰብሌን ልጅ አስጠናለሁ እያለ ከዚያ ቤት አይጠፋም።

«ጋሼ ገረሱ፣ እኔ መኪና ሳጥብ እርስዎ ከቤት እንዳይወጡ። ያንን ብስክሌተኛ ይጠብቁልኝ።»

«አልወጣም» አሉ አቶ ገረሱ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ጥቅምት ሲገባ መንገዱ ደረቀ። ክብደት አያስፈልግም ነበር። አቶ ገረሱ ግን እሑድ ጠዋት ጺማቸውን ተላጭተው ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ተገኙ።

«ለምደው ነው፣ ምስኪን» አለ ፈቀደ፤ ነዳጅ የሚጨርሱበት ቢሆንም ዝም አላቸው።

በኅዳር ሽማግሌ ላከ። አቶ ገረሱንም ሊጨምራቸው ፈልጎ ነበር። «እኔ ይቅርብኝ» አሉት። ፈቀደ አቡጀዲውን አሳጥቦ፣ አዲስ ባርኔጣ ደፍቶ ደጁ ላይ ጠበቀ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ መሬት መሬት ያያሉ።

«ታጭታለች» አሉት የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ኃይለመስቀል።

«ያ ብስክሌተኛ!»

«መምህሩማ ሚዜ ነው።» አቶ ኃይለመስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለሠርጉ መኪናህ ይፈለጋል። አንተው ንዳልን ተብለሃል።»

«ለማን ሠርግ?»

«አቶ ገረሱ ‹የዚያን ቀን እንኳ ከፊት ልቀመጥ› ብለዋል።»