ስሙ ያልተነገረው ሥር

ሐኪሙ የራቢአን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቱ ወደ ታች ሳብ አድርጎ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞረዋል። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ልጇ ሰዓዲያ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ታያለች። ትናንት በስልክ ሲተያዩ ይህ አልነበረም፤ ወይም ነበረና የእናቷ ሱቅ አምፖል ነው ብላ አልፋዋለች።

ክሊኒኩ ቡራዩ ገበያ ጀርባ ነው። ሐኪሙ ይገዙ ይባላል፣ ገና ወጣት ነው፣ ሲናገር አይቸኩልም። ራቢአን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያስመልሳት፣ ሽንቷ ጠቁሮ እንደሆነ ይጠይቃታል። ከዚያ ብዕሩን ያነሳል።

«እናቴ፣ በዚህ ሰሞን የወሰዱት ነገር አለ? የባህል መድኃኒት፣ የሚጠጣ ነገር?»

«ምንም» ትላለች ራቢአ። «የስኳር ኪኒኔን ብቻ።»

ይህን ስትል ልጇን አታያትም። እናቷ ለምን እንደዋሸች ለሰዓዲያ ገብቷታል።

ሰዓዲያ ፋርማሲስት ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናውን ሥር ያሳዩዋት ኦቦ ጉታ ናቸው፤ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ መድኃኒት አዋቂ። ስኳር ያወርዳል ብለዋት ነበር፣ በአይጦች ላይ ሲሞከርም አወረደ። የዚያን ዕለት አማካሪዋ ቢሮውን ዘግቶ ወረቀት አስፈረማት። የፈጠራ መብቱ ጥያቄ እስኪገባ ድረስ የሥሩን ስም ለማንም አትናገርም። ኦቦ ጉታም ከሚገኘው ድርሻ እንዲኖራቸው በዚያው ወረቀት ላይ ፈርመዋል።

ሰዓዲያ ፈርሜያለሁ ብላ የሥሩን ስም ለእናቷም አልነገረችም። ዱቄቱን ግን ሰጠቻት። በአንድ ጠርሙስ ሞልታ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ ብላ። ራቢአ ሃያ ሦስት ቀን ጠጣች። ስኳሯ ወረደ። አጠገቧ ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቷ ምን አግኝተሽ ነው ብትላት፣ ዱዓ ነው ብላ መለሰችላት።

ዛሬ ጠዋት ላቦራቶሪ ውስጥ ሥሩን ለረጅም ጊዜ የወሰዱት አይጦች ተከፈቱ። ሁለቱ ሌሊቱን ሞተው አድረዋል። ጉበታቸው ያበጠ፣ የነጣ፣ ሲነኩት የሚፈርስ ነበር። ሚኒባሱ ቡራዩ እስኪደርስ እናቷ ጋ ደጋግማ ደወለች፣ አላነሳችም። ሱቁ ውስጥ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተደግፋ አገኘቻትና በባጃጅ ወደዚህ አመጣቻት።

ይገዙ የጉበት ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም ይላል። ደም ይወሰድና ለዛሬ ቤታቸው ይረፉ፣ ውጤቱ ነገ ይደርሳል፤ ኪኒናቸውንም እንደወትሮው ይቀጥሉ። ራቢአ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ጫማዋንም በእግሯ ትፈልጋለች።

ሰዓዲያ ጫማውን አታቀብላትም። አማካሪዋን ታስባለች፣ ሁለት ዓመት የደከመችበትን ታስባለች፣ ያልተፈቀደ መድኃኒት ለሰው የሰጠ ባለሙያ ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለች። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራት ግን ጠርሙሱ እናቷ መኝታ አጠገብ መቀመጡ ነው፤ ነገ ጠዋትም ትጠጣለች።

«ዶክተር፣ ጠጥታለች» ትላለች። «የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

«ሰዓዲ፣ ዝም በይ» ትላለች ራቢአ ቀስ ብላ። «ፈርመሻል።»

ሰዓዲያ ዝም አትልም። የሥሩን ስም በኦሮምኛ፣ ቀጥላ በሳይንሳዊ ስሙ ትነግረዋለች። ሐኪሙ ስሙን ስለማያውቀው ፊደሉን አንድ በአንድ ታስጽፈዋለች። ስንት ቀን፣ በምን ያህል መጠን ብሎ ይጠይቃታል። ስለ አይጦቹ ስትነግረው መጻፉን ያቆማል። ይቆጣኛል ብላ ትጠብቃለች፤ እሱ ግን አይቆጣም። ተነስቶ ነርሷን ይጠራና የራቢአን ስኳር ለክታ፣ ወርዶ ከሆነ ግሉኮስ እንድትሰቅል፣ አምቡላንስም እንድትጠራ ያዛታል። አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል መግባት አለባቸው፣ አሁኑኑ፤ ሥሩን ማቆማቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ የቀረውን የደሙ ውጤት ይናገራል። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ሰዓዲያን ከቁጣ የበለጠ ያስፈራታል።

አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ራቢአ መርፌ ያልተሰካበትን እጇን ትሰጣታለች። እጁ ይሞቃል።

«ይቅር በይኝ፣ እማ።»

«ልታድኚኝ ብለሽ ነው» ትላለች ራቢአ። ከዚያ ወደ ልጇ ትዞራለች። «እኚያ ሽማግሌ፣ ሥሩን ያሳዩሽ፣ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ?»

ሰዓዲያ ታውቃለች፤ ይሰጣሉ። ለስንት ሰው፣ ለስንት ቀን፣ ጠይቃቸው አታውቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ ስኳር ያወርዳል ወይ ብላ ብቻ ነው የጠየቀችው።

ስልኳን አውጥታ ትደውላለች። ሁለቴ ጠርቶ ይነሳል።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» ይላሉ ኦቦ ጉታ፣ ልጄ ደህና ነሽ ወይ እያሉ፣ ደስ ብሏቸው። እናቷን ይጠይቃሉ፣ ትምህርቷን ይጠይቃሉ፣ ወረቀቱ ደርሶ እንደሆነም ይጠይቃሉ። ሰዓዲያ አባባ ብላ ትጀምራለች። ከበስተጀርባቸው ብዙ ሰው ያወራል፤ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲያስል ይሰማል።

«ቆይ አንዴ» ይሏታል። ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው ለአንዲት ሴት ይመልሳሉ።

«አዎ፣ በባዶ ሆድ። አሁን ጠጪው።»