ፀሐይ መጣች አሉ

ትርሲት የምትኖርበት ሕንፃ መስኮቶች ፀሐይ ስትነካቸው በራሳቸው ይጠቁራሉ። መስታወቱን የፈለሰፈችው እሷ ናት፤ በከተማው እንደዚህ ሕንፃ ትንሽ መብራት የሚፈጅ የለም ሲባል ደረቷ ይነፋል።

ሊያርሷት የመጡት እናቷ ሕፃኑን ቅባት ቀብተው፣ ጭናቸው ላይ አስተኝተው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ፀሐይዋ ብቅ ስትል መስታወቱ ጠቆረ። ወንበራቸውን ወደ ሌላው መስኮት ሳቡ፤ እሱም ጠቆረ።

«እናንተ ቤት ፀሐይ ነውር ናት እንዴ?»

«እማዬ፣ ሙቀት እንዳይገባ እኮ ነው።»

«ክርስትና ሳይነሳ ደጅ አላወጣው! ታዲያ አጥንቱ በምን ይጠንክር?»

ትርሲት ሕፃኑን አየችው። ልጇ ከተወለደ ጀምሮ ፀሐይ አላየም። ወደ መስኮቱ ዞረችና «ዛሬ እንዳትጠቁር» ብላ አዘዘችው።

መስታወቱ ጠራ። ብርሃኑ ቤቱን ሞልቶ በበሩ ሥር ወደ ኮሪደሩ ፈሰሰ። ሕፃኑ አስነጠሰ።

«እደግ!» አሉ አያቱ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቷ አራስ ልጇን በፎጣ ጠቅልላ፣ ቅባቷን ይዛ ቆማለች።

«ትርሲትዬ፣ እናንተ ቤት ፀሐይ መጣች አሉ?»

ትርሲት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ግቢ፣ ለሁላችንም ትበቃለች» አለች፣ ፀሐይዋንም ራሷ የፈለሰፈቻት ይመስል።