እንግዳ የማይባልበት ቤት

በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተተከለው አድማጭ መሣሪያ የተላላፊ በሽታ ስም በሰማ ቁጥር የቤቱን በር ለአሥር ቀን ይቆልፋል። መድኃኒቱ በመስኮት ይመጣል፤ የመተማ ሰሊጥ ግን ከደረሰ አሥር ቀን አይጠብቅም፣ ፈንድቶ ይረግፋል። ስለዚህ ሰዉ ወባን «እንግዳ» ይላት ጀመር። አድማጩ ይህንንም ለመደው። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ «እንግዳ መጣብን» የሚል ጠፋ።

ዛሬ የማንጠግቦሽ ባል ፈንታሁን ሁለት ጋቢ ደርቦ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ማንጠግቦሽ ወደ ከተማ የምትሄደውን ጎረቤቷን አስካለን ጎትታ አስገባቻት።

«ኪኒን አምጪልኝ። ያቺ ይዛዋለች።»

«ያቺ ማን?»

«የመስከረሟ!»

«ውሽማ ያዘ እንዴ?» አስካለ ሳቀች።

«የምታንቀጠቅጠዋ!»

«እሷማ አንቺ ነሽ!»

ፈንታሁን አቃሰተ። የማንጠግቦሽ ትዕግሥት አለቀ።

«ወባ ናት! ወባ! ንዳድ! ገባሽ?»

በሩ ቋ ብሎ ተቆለፈ።

«የኔስ ሰሊጥ?» አለች አስካለ፣ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች።

አስካለ በሩን አንዴ ገፋ አድርጋ ተወችው። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ በፈንታሁን ጋቢ ላይ ደረበችለትና ተቀመጠች።

«በይ፣ እንግዳ መጣብኝ በይ» አለች። «በሩ እንደሆነ ተቆልፏል።»