ሐኪሙ ምስሉን ሲጠብቁ

የኮምፒውተር ቴክኒሻኗ ዲስኮቹን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ቀይራ ያስነሳችው ዋና ኮምፒውተር፣ የዩኒክስ ሰርቨሩ፣ «ዲስኮቹን አላውቃቸውም፤ ያለባቸውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር?» ሲል ጠየቃት። የሆስፒታሉ የራጅ ምስል በሙሉ ያለው እነዚያ ዲስኮች ላይ ነበር። ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እህቴ፣ በሽተኛው ማደንዘዣ ተወግቶ ተኝቷል» አሉ ቀዶ ሐኪሙ በስልክ። «ምስሉ ካልመጣ ልጀምር ነው።»

«በሞቴ ዶክተር፣ ትንሽ ይታገሱኝ!»

«አይ» የሚለውን ተጫነች። የድሮውን ድራይቨር መልሳ ጭና ሰርቨሩን እንደገና አስነሳችው። የዲስኮቹ መብራቶች ተራ በተራ አረንጓዴ ሆኑ።

«መጣልኝ!» አሉ ሐኪሙ። ወዲያው «ቆዩ፣ አትንኩት!» ብለው ወደ ረዳቶቻቸው ሲጮኹ ተሰማት።

«ምነው ዶክተር? የጎደለ አለ?» አለች።

«የለም» አሉ። «የታመመው ግራ ኩላሊቱ ነው። እኛ ልንከፍት የተዘጋጀነው በቀኝ ነበር።»